የአጎት ልጅ መደርደሪያ

እስክንድርያ ውስጥ፣ በነቢ ዳንኤል መንገድ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት መካከል ሩሽዲን የማያውቅ የለም። ሱቁ ሱቅ የሚባል አይደለም፤ ከግንብ ጋር የተለጠፈ የእንጨት ኪዮስክ ነው፤ ክረምት በገባ ቁጥር ከባሕሩ የሚነሣው ነፋስ ላስቲኩን እየገለበጠ መጻሕፍቱን ያረጥብበታል። ከፊት ለፊት ሌላው የሚሸጠውን ሁሉ ይሸጣል፤ የትምህርት ቤት መጽሐፍ፣ የምግብ አሠራር፣ የሕልም ፍቺ፣ ልብ ወለድ። ስሙን ያስጠራው ግን ከውስጥ በኩል፣ ከተሰቀሉት ካርታዎች ጀርባ ያለችው አንዲት መደርደሪያ ናት።

እዚያ ያሉት መጻሕፍት ሁሉ ስለ ወንዶች ናቸው። ጦር ስለመሩትና አገር ስለገዙት አይደለም፤ እነሱማ በየኪዮስኩ ሞልተዋል። ሥራ ከእጁ ስለወጣበት ወንድ፣ ሚስቱ ሞታበት ሻይ ማፍላት እንኳ ስለማያውቅ ወንድ፣ ጡረታ ወጥቶ በገዛ ቤቱ የት እንደሚቀመጥ ግራ ስለገባው፣ ልጁን ከመቆጣት ሌላ ማነጋገሪያ ስላጣ፣ ጎልማሳ ሆኖም አባቱን ስለሚፈራ ወንድ ናቸው። አንዳንዱን ሐኪም ጽፎታል፣ አንዳንዱን የመንደር አስተማሪ። አንደኛውን የጻፈችው ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ከአንድ ዝምተኛ ባል ጋር የኖረች ሴት ናት። ሩሽዲ ከሁሉም አብልጦ የሚወደው እሱን ነው፤ ሴትዮዋ ወንዶችን ሳትሰድብም ሳታቆላምጥም ጽፋለችና።

እንዲህ ያለ መጽሐፍ ለራሱ የሚገዛ ወንድ ግን በዚህ ከተማ አልተፈጠረም። ሰውየው መጀመሪያ ካርታ የሚያይ መስሎ ይቆማል። ሲጋራ ይለኩሳል፣ ስለ ኳስ ያወራል፣ ስለ ዝናቡ ያማርራል። ከዚያ ግራ ቀኙን ቃኝቶ ድምፁን ዝቅ ያደርግና፣ «ዓም ሩሽዲ፣ አንድ የአጎቴ ልጅ አለ» ይላል። ዓም ማለት አጎት ነው፤ ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው ሁሉ የሚጠራበት። የአጎቱ ልጅ እንቅልፍ አጥቷል። የአጎቱ ልጅ ሚስቱ አኩርፋ ከእናቷ ቤት ገብታለች። የአጎቱ ልጅ እናቱ ሞታ እንባ አልመጣለት ብሏል። ሩሽዲ አንድ ጥያቄ አይጠይቅም። «አላህ ይርዳው፣ የአጎትህን ልጅ» ይልና እጁን ከካርታዎቹ ኋላ ሰዶ አንድ መጽሐፍ ያወጣል፣ በስፖርት ጋዜጣ ይጠቀልላል፣ ይሰጣል። ሰውየው በብብቱ ሸጉጦ ሲሄድ፣ ትራም ውስጥ ያየው ሁሉ የኳስ ውጤት የያዘ ይመስለዋል።

መደርደሪያዋን «የአጎት ልጅ መደርደሪያ» ብሎ የሰየማት ጎረቤቱ ዓባስ ነው። ዓባስ መዝገበ ቃላት ሻጭ ነው፤ የስንት አገር ቋንቋ በኪዮስኩ ተከምሯል፤ ምላሱም ሰው ለመንካት አንድም ቋንቋ አይጎድላትም። «በዚህ ከተማ የታመመው የአጎት ልጅ ብቻ ነው፤ እኛማ ሁላችንም ደህና ነን» ይላል ሻዩን እየጠጣ። አንድ ጊዜ ከባሕር ኃይል ጡረታ የወጣ ግርማ ሞገሱ የሚያስፈራ መኮንን መጥቶ ስለ አጎቱ ልጅ ሲተርክ ቆየና፣ «ሌሊት ሌሊት እየተነሣ ያለቅሳል፤ ኧረ እኔስ ሚስቴን ምን ብዬ» ብሎ አፉን በእጁ ያዘ። ዓባስ ያን ቀን አልሳቀም። ሰውየው መጽሐፉን ይዞ ከመንገዱ እስኪጠፋ ድረስ መዝገበ ቃላቱን ሲያራግፍ ቆየ።

ሩሽዲ ራሱ ወደዚህ ነገር የገባው በአባቱ ሞት ነው። ያኔ ወደብ ላይ የጥጥ ጭነት ተቆጣጣሪ ነበር። በለቅሶው ድንኳን በር ላይ ከወንዶቹ ተርታ ቆሞ የሚገባውን ሁሉ በእጁ ሲጨብጥ ዋለ፤ እያንዳንዱ ሰው እጁን ወዝወዝ እያደረገ «በርታ፣ አንተ ወንድ ነህ» እያለው አለፈ። ያን ያህል ሰው በርታ ሲለው አንድም ሰው እንዴት ነህ አላለውም። ሚስቱ ኢንሳፍ ከሴቶቹ ዘንድ ስትመለስ አልቅሳ፣ ተላቅሳ፣ ቀልሏት ነበር፤ እሱ ግን ደረቱ ውስጥ ድንጋይ እንደያዘ ከረመ። ከዚያ አንድ ቀን ይሄ መንገድ ላይ ሲያልፍ ስለ ሐዘን የተጻፈ አሮጌ መጽሐፍ አየና ለሻጩ ምን ብሎ እንደገዛው መገመት አያቅትም። ወደቡ ሠራተኛ ሲቀንስ ኪዮስኩን ያዘ፤ መደርደሪያዋን የሞላትም ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያነበበና ለስንት ወንድ የመከረ ሰው፣ ከገዛ ልጁ ጋር የሚያወራው ስለ ቧንቧና ስለ መብራት ብቻ ነበር ቢባል ማን ያምናል? ግን እውነት ነው። አንድ ልጁ ከረም የአሳንሰር ጠጋኝ ነው፤ እንደ አባቱ ረዥም፣ እንደ አባቱ ዝምተኛ። በልጅነቱ ትከሻው ላይ ሲያዞረው የነበረ አባት፣ ልጁ ድምፁ ሲጎረምስ እጁን ሰበሰበ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው መጨባበጥ ብቻ ሆነ። ሩሽዲ ይህ ክፉ ነገር ነው ብሎ አስቦም አያውቅም፤ የሰው ሁሉ አባት እንዲሁ ነው።

ከረም ሚስቱ ነፍሰ ጡር ሳለች ለሥራ ኩዌት ሄደ። ልጁ ታሊን ተወለደች፣ ጥርስ አወጣች፣ ድክ ድክ አለች፤ እሱ ሁሉንም በስልክ አየ። የላከው ሁሉ ደረሰ፣ እሱ ግን አልደረሰም። ጠቅልሎ ሲመለስ ትዳሩ በዚያው በስልኩ ውስጥ አልቆ ነበር። ማንም ማንንም አልበደለም፤ ሁለት ሰዎች ተራርቀው ተረሳሱ። ፍርድ ቤቱ ሕፃኗን ለእናቷ ሰጠና ለአባቷ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው የወጣቶች ማዕከል አትክልት ውስጥ፣ ሰው እያየው ጥቂት ሰዓት እንዲያያት ፈቀደለት። ከረም ወደ ወላጆቹ ቤት ተመለሰ፤ ዓርብ ሲደርስ ሸሚዙን ይተኩሳል፣ ይሄዳል፣ ሲመለስ ሳይበላ ይተኛል።

በዚያ ክረምት አንድ ጠዋት ኢንሳፍ የፉሉን ድስት ከባሏ ፊት አስቀምጣ አልተነሣችም።

«ከረም ከበዓሉ በኋላ ኩዌት ሊመለስ ነው» አለችው።

«ሥራ አገኘ?»

«ሥራ አይደለም። ልጅቷ ስታየኝ ታለቅሳለች፣ ለምን አስጨንቃታለሁ ነው የሚለው። ከሄደ ደግሞ አበቃ፣ ሩሽዲ። ዳግመኛ አባት የለኝም ብላ ነው የምታድገው።»

ሩሽዲ ዳቦውን ቆርሶ ያዘው። «እኔ ምን ልበለው?» አላት።

«ለእስክንድርያ ወንድ ሁሉ የምትለው አለህ» አለችና ተነሥታ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

ሩሽዲ በዚያ ቀን የቻለውን አደረገ፤ የቻለውም የለመደውን ነበር። ከሕፃናት ጋር መግባባት ስላቃታቸው አባቶች አንድ ሐኪም የጻፈውን መጽሐፍ በስፖርት ጋዜጣ ጠቅልሎ የከረም ትራስ ላይ አኖረው። በማግስቱ መጽሐፉን ያገኘው የወጥ ቤቱ መስኮት በነፋስ እንዳይንኳኳ ተወትፎ ነው። ጋዜጣው ግን ተነቧል፤ ሳሎን ሶፋው ላይ ተዘርግቶ ነበር። ሩሽዲ መጽሐፉን አውጥቶ በካርቶን ቁራጭ ተካው።

ሳምንቱ አጋማሽ ላይ ዝናቡ መንገዱን ጠርጎ ገዥም ሻጭም ከየላስቲኩ ሥር ተኮራምቶ ሳለ፣ አንድ ሰው ኪዮስኩ ፊት ቆሞ ካርታ ያይ ጀመር። የሥራ ልብሱን ለብሷል፤ ፀጉሩ ርሷል። ሩሽዲ ቀና ሲል ልጁ ከረም ነው። ከረም እዚህ የመጣው ኪዮስኩን ቀለም ለመቀባት ከረዳው ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

«ወቅቱ ከበደ» አለ ከረም፣ ካርታው ላይ እንዳፈጠጠ።

«ከበደ» አለ ሩሽዲ።

ዓባስ ከወዲያ የልጁን ፊት አየና መዝገበ ቃላቱን ማራገፍ ጀመረ።

«ዓም ሩሽዲ» አለ ከረም። አባቱን በዚህ ስም ጠርቶት አያውቅም። «አንድ የአጎቴ ልጅ አለ።»

ከረም የአጎት ልጅ የለውም፤ ሩሽዲ ለአባቱ ብቸኛ ልጅ ነው፣ ኢንሳፍም ወንድም የላትም። «አላህ ይርዳው» የሚለው ግን ከልማድ የተነሣ በራሱ ጊዜ ከአፉ ወጣ።

«ሴት ልጅ አለችው። ትንሽ ናት። ዓሞ ነው የምትለው።» ዓሞ የሰፈር ሕፃን ዳቦ ሻጩንም፣ በረኛውንም፣ መንገድ ላይ ያገኘውንም ወንድ የሚጠራበት ነው። «በየሳምንቱ ይሄዳል። ሰላም ዓሞ ትለውና አያቷ ቀሚስ ውስጥ ትገባለች። ጠጋ ካለ ታለቅሳለች። እና እንግዲህ… መተው ይሻላል ወይስ አይሻልም የሚል መጽሐፍ ካለዎት ብዬ ነው።»

ሩሽዲ እጁን ከካርታዎቹ ኋላ ሰደደ። ጣቶቹ መጻሕፍቱን አንድ በአንድ ያውቋቸዋል፤ ሐዘኑን አለፉ፣ ጡረታውን አለፉ፣ ፍቺውን አለፉ። ልጁ ዓሞ ለምትለው አባት የተጻፈ ግን አልነበረም። ዞር ብሎ የልጁን እርጥብ ፀጉር በእጁ መጥረግ አማረው፤ ለእጁ ግን መጽሐፍ ከማውጣት ሌላ ሥራ አልመጣለት አለ። በመጨረሻ ያችን የሚወዳትን፣ ሴትዮዋ የጻፈቻትን አወጣ፣ በጋዜጣ ጠቀለለና አቀበለው።

«ለአጎትህ ልጅ ሰላም በልልኝ» አለው።

ከረም የጠበቀው ሌላ ነገር ነበር። መጽሐፉን በብብቱ ሸጉጦ በዝናቡ ውስጥ ሄደ።

ዓባስ ላስቲኩን ገልጦ መጣ። ፊቱ ላይ ሹፈት የሚባል ነገር አልነበረም። «አንተ ሰውዬ፣ የገዛ ልጅህን ጠቅልለህ ሸኘኸው እኮ!» አለው።

«ደንቡ ነው። አይጠየቅም።»

«ደንቡ ለባዳ ነው» አለና ዓባስ ወደ ኪዮስኩ ተመለሰ።

ሩሽዲ ያን ቀን ደንበኛ ቢመጣም በቅጡ አልመለሰለትም። በስንት ዓመት ንግዱ ሰው ሲሸሸግ አብሮ መሸሸግን ትልቅ ደግነት አድርጎ ኖሯል፤ ብዙዎቹንም በእርግጥ ጠቅሟቸዋል። ልጁ ግን ከትራሱ ላይ መጽሐፍ አግኝቶ አልፈለገውም፤ በዝናብ ተነሥቶ እዚህ ድረስ የመጣው መጽሐፍ ፈልጎ አይደለም። ይሄ የገባው ጋዜጣውን አጣጥፎ ከሰጠው በኋላ ነው።

ዓርብ የነቢ ዳንኤል መንገድ የገበያ ቀን ነው። ሩሽዲ ከጁምዓ ሶላት መልስ ኪዮስኩን ሲዘጋ ዓባስ ብርጭቆውን ይዞ ቆመ። ታመምክ እንዴ ብሎ ሊጠይቀው ነበር፤ ፊቱን ሲያይ ግን ተወው። «የአጎት ልጆች ቢመጡስ?» አለው ብቻ።

«ይጠብቁ በላቸው።»

የወጣቶች ማዕከሉ አትክልት ዝናቡ ካቆመ ወዲህ ጭቃ ጭቃ ይላል። በአንድ ወገን እናቶችና አያቶች፣ በሌላው ወገን አባቶች በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠዋል፤ አንዱ ብስክሌት ይዟል፣ አንዱ ኬክ ይዟል፣ አንደኛው ልጁ ጭኑ ላይ እንቅልፍ ወስዶት እንዳይነቃ ሳይንቀሳቀስ ተቀምጧል። ከረም ግን ቆሟል። ሸሚዙ ተተኩሶ፣ ከወገቡ የሚደርስ አሻንጉሊት በካርቶኑ ታቅፎ፣ በለቅሶ ድንኳን በር ላይ እንዳለ ሰው ቀጥ ብሏል። ሩሽዲ ከበሩ ሆኖ ሲያየው፣ እንኳን ሕፃን እሱም ፈራው።

የልጅቷ አያት፣ የእናቷ እናት ሲት ዚናት፣ ታሊንን በእጃቸው ይዘው ገቡ፤ ሲት ማለት ወይዘሮ ነው። ክፉ ሴት አይደሉም፤ «ሂጂ ሰላም በዪው» እያሉ ይገፏታል። ታሊን ሁለት እርምጃ ያህል ሄደችና «ሰላም ዓሞ» ብላ ተመልሳ ቀሚሳቸው ውስጥ ገባች። ከረም ካርቶኑን ዘረጋላት። ልቅሶዋ ተጀመረ። ከረም ካርቶኑን መልሶ አቀፈና አንገቱን ደፋ። ሩሽዲ የልጁን ፊት አይቶ ነገሩ እንደተቆረጠ ገባው፤ ይሄ የመሰናበቻ ዓርብ ነበር።

ሩሽዲ በጭቃው መሐል አቋርጦ መጣ። ታሊን እሱን ታውቀዋለች፤ ከረም ኩዌት ሳለ እሱና ኢንሳፍ በየበዓሉ ብስኩት ይዘው ይጠይቋት ነበር። «ጊዶ!» አለችና ልቅሶዋን አቋርጣ ሮጣ መጣች። ጊዶ አያት ማለት ነው። አፍንጫዋን በመሐረቡ ጠረገላት።

«ጊዶ፣ ይሄን ዓሞ ታውቀዋለህ?» አለችው በሹክሹክታ።

«በደንብ አውቀዋለሁ። የኔ ልጅ ነው።»

ታሊን ከረምን ከጫማው እስከ ራሱ አየችው። ረዥም መንገድ ነበር። «ውሸት» አለች። «ትልቅ ነው።»

«ትልቅ ቢሆንም ልጄ ነው።»

ታሊን አሰበች። ከዚያ ወደ ፕላስቲክ ወንበሮቹ፣ እንቅልፍ የወሰደውን ልጅ ወደ ያዘው ሰውዬ በጣቷ አመለከተች። «ልጅህ ከሆነ ተሸከመው» አለች።

አያቷ ሳቁ። ከረም አልሳቀም። ሩሽዲ ወገቡ የመጽሐፍ ካርቶን ሲያነሣ የኖረ፣ ጠዋት ከአልጋ ሲነሣ ግድግዳ የሚይዝ ሰው ነው። ስንት ጎልማሳ፣ ስንት ባዳ ሰው ዙሪያውን ተቀምጦ ያያል። ልጅቷ ደግሞ እጇን አጣምራ ትጠብቃለች። ሩሽዲ ወደ ልጁ ሄደና ካርቶኑን ከእጁ ወስዶ ጭቃው ላይ አስቀመጠው።

«አባባ፣ ተው» አለ ከረም።

«ዝም በል» አለው ሩሽዲ፣ ሁለት እጁን በልጁ ወገብ ዙሪያ አድርጎ አቀፈው።

ሽታውን አወቀው። የማሽን ዘይት ቢቀላቀልበትም ያው ትከሻው ላይ እያንቀላፋ ይወስደው የነበረው ልጅ ሽታ ነው። ትንፋሹን ያዘና ብድግ አደረገው። የከረም ተረከዝ ከመሬት ተነሣ፤ ጣቱ ግን አልተነሣም፤ የሩሽዲም ወገብ ከዚያ በላይ እሺ አላለም። እንደዚያው ይዞት ቆመ። ከረም መጀመሪያ እንጨት ሆኖ ነበር። ቀስ እያለ ራሱ ወረደ፣ ግንባሩ የአባቱ ትከሻ ላይ አረፈ፤ ከዚያ ሰውነቱ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ሩሽዲ የራሱን እንባ የት እንደሚያደርገው አያውቅም ነበርና እንዲሁ ፈሰሰ። ወንበር ላይ ካሉት አባቶች አንዱ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ፤ ሌላው ሲጋራ ፈልጎ ኪሱን ደባበሰ።

ታሊን ዙሪያቸውን ዞራ አየች። ጎንበስ ብላ የከረምን ተረከዝ መረመረች፤ ከመሬት መነሣቱን አረጋገጠች። የጊዶ ልጅ መሆኑን አመነች። ከዚያ የሱሪውን ጉልበት ጎተተች።

«አሁን እኔን» አለችው።

ከረም አልሰማም ወይም የሰማውን አላመነም። ሩሽዲ ለቀቀውና ወደ ታች አመለከተው። ከረም ፊቱን በእጅጌው ጠረገ፣ ተንበረከከ፣ እንደሚሰበር ነገር ሁለት እጁን ብብቷ ሥር አስገብቶ አነሣት። ከዚያ ከፍታ አትክልቱ ሁሉ ታያት። አላለቀሰችም። አንዷን እጇን ጆሮው ላይ አድርጋ ያዘችው፤ ጠበቅ አድርጋ፣ ሕፃን እንዳይወድቅ የሚይዘውን ነገር እንደሚይዝ።

«ተታ» ብላ ተጣራች ወደ አያቷ፣ «ይሄ ዓሞ አይደለም። የጊዶ ልጅ ነው!»

ሲት ዚናት አንገታቸውን ነቅንቀው እሺ አሏት፤ እሳቸውም መሐረብ እየፈለጉ ነበር። ባባ አላለችውም። ያን ቀን አላለችውም። ከረም እንደተሸከማት በአጥሩ ዳር ሲዞር ቆየ፤ ስለ ዛፎቹ ጠየቀችው፣ ስለ ባቡሩ ድምፅ ጠየቀችው፣ ያወቀውን ያህል መለሰላት። ሩሽዲ ወገቡን በሁለት እጁ ደግፎ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያያቸዋል።

ሰዓቱ ደርሶ ታሊን ከሄደች በኋላ ሩሽዲ እያነከሰ፣ ከረም እየደገፈው ወደ ትራሙ ፌርማታ ሄዱ። ፌርማታው ላይ ከረም፣ ፊቱን ወደ ሐዲዱ አድርጎ፣ «በሚቀጥለው ዓርብም ትመጣለህ?» አለው።

«አንተ ካለህ» አለ ሩሽዲ።

ትራሙ እየቀረበ ነበር። ከረም ወደ አባቱ ዞረ።

«አለሁ» አለ።